ዲግሪ ይዛችሁ ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ለመመዝገብ ላሰባችሁ፣ አዲስ አበባ መገናኛ አካባቢ ያየሁት ይሄ ነው

ታናሽ ወንድሜ ባለፈው ዓመት ከክልል ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቆ መጣ፣ መውጫ ፈተናውንም አልፏል፣ ቴምፖውን (ጊዜያዊ ዲግሪውን) ይዞ አዲስ አበባን ሲዞር ከረመና በመጨረሻ ጓደኞቹ ኤጀንሲ ተመዝገብ አሉት። አብሬው የሄድኩት እኔ ነኝ ስለዚህ ያየሁትን በደንብ ልጻፈው፣ የኤጀንሲውን ስም አልጠራም ምክንያቱም እዛ አካባቢ በየፎቁ ያሉት አሠራራቸው አንድ ነው።

ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንድ ክፍል ናት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ስልክ፣ አንድ ትልቅ መዝገብ። የምትመዘግበው ልጅ ትህትናዋ ጥሩ ነው፣ ዲግሪ አለኝ ሲላት "ዲግሪማ ካለህ ቶሎ ነው የምናስገባህ" አለችው። መመዝገቢያ 500 ብር፣ ሥራ ሲገኝ ደግሞ የመጀመሪያ ወር ደመወዝ ግማሽ። የሚሞላው ፎርም ግርጌ ላይ "የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም" ይላል፣ የሰጡን ደረሰኝ ደግሞ የማሽን አይደለም በእጅ የተጻፈ ነው። መታወቂያ ኮፒ፣ ፎቶ፣ የተያዥ ስልክ ተቀበሉ፣ ትራንስክሪፕቱን ግን ማንም አላየውም። ምን ኮርስ ወሰድክ፣ ፒችትሪ (የሒሳብ ሶፍትዌሩን) ትችላለህ ወይ፣ ግሬድህ ስንት ነው የሚል አንድ ጥያቄ የለም።

ከዛ መደወል ጀመሩ፣ ይሄንን አልክድም ይደውላሉ። "አካውንታንት" ተብሎ የተላከበት ቦታ ሲደርስ ሱፐርማርኬት ካሸር ሆነ። ሌላው "ማርኬቲንግ ኦፊሰር" የተባለው ደመወዝ የሌለው በኮሚሽን ብቻ ቤት ለቤት ሽያጭ ነበር። በጣም ያናደደኝ ግን ከዛ ቀጥሎ የመጣው ነው፣ አንድ ሆቴል ሲልኩት ልጅቷ በስልክ "ሲቪህ ላይ ዲግሪውን አውጣው፣ 12 ጨርሻለሁ በል፣ ዲግሪ እንዳለህ ካወቁ አይቆይም ብለው አይቀጥሩህም" አለችው። ስልኩን ላውድ ላይ አድርጎት ነበር እናታችንም ሰምታለች። ዓመታት ለፍቶ ያመጣውን ወረቀት ደብቀው እንዲባል ነው እንግዲህ 500 ብር የከፈለው።

እውነቱን ለመናገር ለሁሉም ሰው መጥፎ ነው አልልም። አስተናጋጅ፣ ሹፌር፣ ጥበቃ፣ ሞግዚት ለሚፈልግ ሰው ቶሎ ያገናኛሉ፣ እኛ እያለንም የመጡ ቀጣሪዎች እንደዚህ አይነት ሰው ነበር የሚጠይቁት። ችግሩ አካውንታንት የሚፈልግ ድርጅት እዛ ፎቅ አይወጣም። ወይ በሰው በሰው ይቀጥራል ወይ ማስታወቂያ ያወጣል፣ ማስታወቂያውም "ከምረቃ በኋላ የተገኘ 2 ዓመት የሥራ ልምድ" ይላል። ኢንተርንሺፕ አይቆጠርም። ከግል ድርጅት የመጣ የልምድ ደብዳቤ ደግሞ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆን አለበት ይባላል፣ ስለዚህ ኤጀንሲው ያስገባህ ቦታ ውል ሳይሰጥህ ያለ ፔሮል (የደመወዝ መክፈያ መዝገብ) ቢያሠራህ ሁለት ዓመት ብትሠራም ለሚቀጥለው ማስታወቂያ ዜሮ ዓመት ነህ። ተመራቂው የተያዘው እዚህ ጋ ይመስለኛል፣ ልጆቹ ሥራ ይመርጣሉ እየተባለ ሲወራ በጣም ይከፋኛል።

ሌላው የተመራቂው ብዛት ነው። ድሮ በጣት የሚቆጠሩ የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ ከ40 በላይ ናቸው፣ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ 70 በመቶውን ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እናስገባ ተባለ፣ የሚቀጥራቸው ፋብሪካና ኮንስትራክሽን ግን በዛ ፍጥነት አላደገም። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ሲመጣ ቢያንስ ያለፈው ይለያል ብለን ነበር፣ ወንድሜ ግን አልፎም ሰልፉ ላይ ነው የከረመው።

ወደ ኤጀንሲው ልመለስና ስለ ግማሽ ደመወዙ ጠንቀቅ በሉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፣ በዛ ውስጥ አሠሪው አልተመቸኝም ካለ ያሰናብትሃል፣ ኤጀንሲው ግን ድርሻውን መጀመሪያ ወር ላይ ወስዷል። ይመለሳል ወይ ብዬ ስጠይቅ ፎርሙን ነው ያሳዩኝ። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181 እኮ በመርህ ደረጃ ኤጀንሲ ከሥራ ፈላጊው ገንዘብ መቀበል የለበትም ነው የሚለው፣ ክፍያው ከቀጣሪው ነው መሆን ያለበት። እዛ ሶፋ ላይ ከተደረደሩት ልጆች ውስጥ ይሄን የሚያውቅ አልነበረም፣ ስነግራቸው ደነገጡ።

ታዲያ ምን ይሻላል ለምትሉ፣ ኤጀንሲው የሚደውልላችሁ ሥራ አብዛኛው በነፃ የሚገኝ ነው። ሪፖርተር ጋዜጣ ረቡዕና እሁድ ይወጣል፣ መግዛት ካልቻላችሁ አራት ኪሎ ማንበብ ይቻላል። ኢትዮጆብስ የሚባለው የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጽ ላይ በሙያ ለይቶ መፈለግ ይቻላል፣ አፍሪወርክ ደግሞ ቴሌግራም ላይ ስለሆነ ለስልክ ቀላል ነው፣ ትንንሽ ድርጅቶች እዛ ያወጣሉ። ወረዳችሁ ሄዳችሁ ሥራ ፈላጊ ተብላችሁ ተመዝገቡ፣ በነፃ ነው። ቴሌግራም ላይ ግን "ለፎርም" ወይም "ለሥልጠና" ብር ላክ የሚል ቻናል ካያችሁ ወዲያው ውጡ።

ለአካውንቲንግ ተመራቂ በተለይ፣ ወንድሜን የጠቀመው ኤጀንሲ ሳይሆን የሰፈራችን አንድ ነጋዴ የሰጠው ምክር ነው። የነጋዴ ሒሳብ የሚሠሩ ትንንሽ ቢሮዎች አሉ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ግብር የሚታወቅበት ጊዜ ስለሆነ ሥራ ይደራረብባቸዋል፣ ማስታወቂያ ሳያወጡ ሰው ይወስዳሉ። ሰኔ ላይ በአካል ሄዶ በር ማንኳኳት ነው። ክፍያው ትንሽ ነው፣ ግን ደረሰኝ መለየት፣ ቫት ማሳወቅ፣ ፔሮል መሥራት እዛ ይለመዳል። ስትገቡ አንድ ነገር ብቻ አጥብቃችሁ ጠይቁ፣ በፔሮል ላይ ስሜ ይግባ የሥራ ግብር ይቆረጥልኝ በሉ፣ ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም ልምድ ሆኖ የሚቆጠረው ያ ነው። ወንድሜ አሁን እንደዛ ነው የገባው።

ለኤጀንሲው ለዲግሪ ተመራቂ ከ5 የምሰጠው 1 ነው፣ እሱም ስለሚደውሉ። ሌላ ቦታ ያለ፣ ከቀጣሪ ብቻ የሚያስከፍልና ትራንስክሪፕት አይቶ የሚልክ ኤጀንሲ የምታውቁ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን፣ የአጎቴ ልጅ ዘንድሮ በሲቪል ኢንጂነሪንግ ትመረቃለች።