አሸንዳ ሠሪው ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ

ደብረ ብርሃን ያላችሁ፣ በተለይ ማድ ቤታችሁ ጭስ ማውጫው ውሃ የሚያንጠባጥብባችሁ፣ ይህቺን አንብቡልኝ።

የእማዬ ምድጃ ጭሱ በላሜራ ቱቦ ነው የሚወጣው፤ ቱቦው ከምጣዱ በላይ ታጥፎ ጣሪያውን አልፎ ይሄዳል። ባለፈው ክረምት ከመጋጠሚያው ጥቁር ውሃ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። አንድ ቀን እማዬ አክንባሎውን ከማንሳቷ እንጀራው መሃል ላይ አረፈ። የሳንቲም ያህል ቡናማ ክብ፣ ሽታው የጭስ። እንጀራው ለዶሮዎቹ ሄደ።

ዝናብ ነው ብለን ሰው ጠራን። ጣሪያ ላይ ወጣ፣ ቱቦው ዙሪያ ሲልከን ለቀለቀ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። በሁለት ሳምንቱ ድጋሚ ጠራነው፣ ድጋሚ ለቀለቀ። ህዳር ገባ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ጠዋት ጠዋት ውርጭ፣ ዝናብ የሚባል የለም። ቱቦው ግን ከክረምቱ ብሶበት ያለቅሳል።

እኚህን አሸንዳ ሠሪ የጠቆሙን ጎረቤታችን ናቸው። «ነገ እመጣለሁ» ብለው በሦስተኛው ቀን መጡ። ጣሪያ አልወጡም። ቀጥ ብለው ማገዶው ጋ ሄዱ። ሁለት ፍልጥ አንስተው አጋጩ፤ ድፍን ያለ ድምፅ፣ ዱብ። ከሥር ከከረመው ሁለት መዝዘው አጋጩ፤ ቋ!

«እትዬ፣ እርስዎ እኮ ውሃ ነው የሚያነዱት» አሏት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ የተቆረጠ ባህር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ የሚጠጋው ውሃ ነው። እሳቱ ያንን ውሃ እንፋሎት አድርጎ ከጭሱ ጋር ይሰደዋል። ቱቦው ከጣሪያ በላይ ብርድ ላይ ሲወጣ ደግሞ እንፋሎቱ መልሶ ውሃ ይሆናል። አክንባሎ ሥር የምናየው ላብ ማለት ነው፣ ይሄኛው ጥቀርሻ ስላለበት ጠቆረ እንጂ።

እኔን የገረመኝ ግን መጋጠሚያው ነው። የላይኛው ቱቦ የታችኛውን ከውጭ አቅፎት ነበር። እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የምገጥመው፤ ጭስ ወደ ላይ አይደል የሚሄደው? እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ አሸንዳ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። «ጭሱን ሙቀቱ ይስበዋል፣ አንተ ውሃውን አስብ» አሉኝ። ፈትተው ገለበጡት፣ የላይኛው አፍ ታችኛው ውስጥ ገባ። አሁን ጠብታ ቢኖር እንኳ ውስጥ ለውስጥ ወርዶ፣ ከታች በሠሩለት ባለክዳን ጣሳ ይጠራቀማል።

ሲጠርጉት የወጣውን ብታዩ! እንደ ሬንጅ የተጋገረ ጥቀርሻ፣ ባልዲ ሙሉ። እሱ አንድ ቀን ቢቀጣጠል ቱቦው ራሱ ይነድ ነበር። ጣሪያችን ደግሞ አጣና ነው። እማዬ ይህን ስትሰማ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች።

ከጣሪያ በላይ ያለውን ክፍል እንዳይቀዘቅዝ ሰፋ ባለ ላሜራ አለበሱት፣ በመሃል ክፍተት ትተው። ጫፉ ላይ ባርኔጣ ደፉለት። አዲስ የገዛነው አንድ ላሜራ ብቻ ነው፤ የድሮውን ቱቦ «ገና ብዙ ይሠራል» ብለው መለሱት። ሁሉንም ቀይሩ ቢሉን እኮ እንቀይር ነበር፣ ምን እናውቃለን?

ይኸው ሁለት ወር፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። እማዬም የመጪውን ክረምት ማገዶ ካሁኑ አስፈልጣ ቆርቆሮ ሥር ከምራለች።

ስልካቸው በአደባባይ እንዲወጣ አልፈለጉም። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። «ነገ» ካሏችሁ ግን ሦስት ቀን ቁጠሩ።