የፊደል ካርዶቹን ከልጄ ጋር ከተጠቀምኩባቸው በኋላ

የአምስት ዓመት ልጄ ፊደልን ከሀ እስከ ፐ በዜማ ሳታቋርጥ ትወርደው ነበር፤ ነገር ግን ከገበታው መካከል «ኮ»ን ነጥዬ ሳሳያት፣ «ከ፣ ኩ፣ ኪ» እያለች በጣቷ ተከትላ ካልደረሰችበት በቀር መለየት አትችልም ነበር። ይህን ያየሁ ዕለት የገዛሁት የካርድ ስብስብ 33ቱን ፊደላት ከነሰባቱ ሆሄያቸው ለየብቻ አትሞ የያዘ ነው፤ በጠቅላላው 231 ካርዶች ሲሆኑ፣ እንደ «ሏ» ያሉት ዲቃላ ፊደላት አልተካተቱም። ወረቀቱ ወፍራም ነው፤ በትንንሽ እጆች ሦስት ወር ተገላብጦም አልተጎዳም።

ከሁሉ የወደድኩለት፣ በግዕዙ ፊደል ላይ የሚቀጠለው ምልክት በቀይ ቀለም መታተሙን ነው። «ሉ»፣ «ቡ» እና «ሱ» ጎን ለጎን ሲቀመጡ በቀኝ ወገባቸው ያለችው ቀይ ጭረት አንድ ዓይነት መሆኗ ወዲያው ይታያል። ልጄ ሦስቱን ደጋግማ ከጠራች በኋላ፣ «እማዬ፣ ይቺ ቀይ መስመር ስትመጣ አፌን አሞጠሙጣለሁ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ቀርቦላት የማያውቀውን «ዙ»ን ማንም ሳይነግራት አነበበችው። በኃምስ ቀለበትም እንዲሁ ሆነ። ሳድስ ላይ ሲደረስ ግን «ል»፣ «ብ» እና «ስ» የሚጋሩት ወጥ ምልክት ስለሌለ ቀዩ ቀለም ከመርዳት ይልቅ ያደናግራል፤ እነዚህን በአንድ ቀለም ማተም ይሻል ነበር።

ትልቁ ጉድለት ሥዕሉ ከፊደሉ ጋር በአንድ ገጽ መታተሙ ነው። «በ» የተጻፈበትን ካርድ ሳነሣ ልጄ «በሬ!» ብላ ትጮኻለች፤ ሥዕሉን በአውራ ጣቴ ስከድነው ዝም ትላለች። ፊደሉን ሳይሆን በሬውን ነበር የምታነበው። በመጨረሻ ሥዕሎቹን ሁሉ በነጭ ወረቀት ሸፈንኳቸው።

አብሮት የሚመጣው መመሪያ በየሳምንቱ አንድ ፊደል ከነሰባቱ ሆሄ እንዲጠና ያዛል፤ እኔ በዚህ አልስማማም፣ ምክንያቱም ልጁ የመጀመሪያዋን ቃል እስኪያነብ ድረስ ብዙ ሳምንታት ያልፋሉ። እኔ «ላ»፣ «ም»፣ «በ»፣ «ግ»፣ «ሳ» እና «ር»ን ብቻ መርጬ ጀመርኩ። «ላ» እና «ም»ን አራርቄ አስቀምጬ፣ ድምፃቸውን እየጠራች ካርዶቹን ቀስ በቀስ እንድታቀራርብ አደረግኩ፤ ሲገጥሙ «ላም!» ብላ ከመቀመጫዋ ተነሣች። በዚያው ዕለት «በግ» እና «ሳር»ም ተነበቡ። በድምፅ አንድ የሆኑት «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» ደግሞ በተከታታይ ሳምንታት መመደባቸው ለጀማሪ አላስፈላጊ ሸክም ነው፤ «ሐ»ን እና «ኀ»ን ለኋላ አቆይቻቸዋለሁ።

ፊደሉን በዜማ ይዞ ነጥሎ መለየት ላልቻለ ልጅ ካርዶቹን ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ወላጁ ግን መመሪያውን ትቶ ቅደም ተከተሉን ራሱ ይምረጥ። በሚቀጥለው እትም ሥዕሉ ወደ ካርዱ ጀርባ እንዲዞር ለአዘጋጆቹ ጽፌላቸዋለሁ።