ለገና ከልብስ ይልቅ መጽሐፍ

ዘንድሮ ለእህቴ ልጆች የገና ስጦታ ፍለጋ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ወዳሉት መጽሐፍ ሻጮች ሄድኩ። ለአራት ዓመቷ ፊደሉ ጎላ ያለ የተረት መጽሐፍ አነሳሁ። ገለጥ ሳደርገው መሃሉ ላይ ያለው ቅጠል ተላቆ እጄ ላይ ቀረ! ስዕሉ ቢያምርም መለስኩት። ለሕፃን ስትገዙ ስፌቱን ሳታዩ ብር አታውጡ። ሌላ፣ ወረቀቱ ወፈር ያለ፣ የጦጣና የአንበሳ ተረት አገኘሁላት።

ለአሥራ ስድስት ዓመቱ ወንድሟ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወሰድኩለት። በ1958 ዓ.ም. የታተመ ነው፤ ግን የሰብለና የበዛብህ ፍቅር ዛሬም ልብ ይሰቅላል። ውፍረቱን አይቶ ትንሽ ፊቱን አጨፈገገ።

በበዓሉ ቀን ቡና እየተፈላ ትንሿ ጭኔ ላይ ወጣች። «አክስቴ፣ ድገሚልኝ» እያለች ሦስቴ አስነበበችኝ። ልጁ ደግሞ ለምሳ ተጠርቶ «መጣሁ፣ ይቺን ገጽ ልጨርስ» አለ።