ኩክሪ ሲገዙ፦ የቀጥቃጩ ወይስ የማስታወሻው?

ኩክሪን፣ ማለትም ጉርካ የሚባሉትን የኔፓል ተወላጅ ወታደሮች ጎባጣ ቢላዋ፣ ከኔፓል ይዞ መመለስ ለሚፈልግ ሁለት ምርጫ አለ፤ ቀጥቃጭ ለሥራ የሚሠራውና ለጎብኚ መታሰቢያ የሚሸጠው።

የቀጥቃጩ፦ ብዙውን ጊዜ ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ ይሠራል። ቀጥቃጩ ብረቱ ፍም መስሎ ከእሳት ሲወጣ ከማንቆርቆሪያ ውሃ ስለቱ ላይ ብቻ ያንቆረቁርበታል። ስለቱ ይጠነክራል፤ ጀርባው ግን ሳይሰባበር ምቱን የሚችል ሆኖ ይቀራል። እኔን የሚማርከኝ ይህ የእጅ ጥበብ ነው። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ዘይት ካልተቀባም ይዝጋል።

የማስታወሻው፦ ርካሽ ነው፣ ያብረቀርቃል። ሲመቱበት ግን ከእጀታው ሊወልቅ ይችላል።

እንጨት ለሚፈልጥና አጥንት ለሚከተክት የመጀመሪያው፤ ግድግዳ ላይ ለሚሰቅል ሁለተኛው ይበቃል። ሁለቱም በአውሮፕላን የሚሄዱት በሚጫነው ሻንጣ እንጂ በእጅ ቦርሳ አይደለም።