ከጥብቅና ወደ ዲንነት፦ የሃርቫርድ ሕግ ትምህርት ቤት አገልግሎት በኤሌና ኬገን ዘመን

የትምህርት ተቋምን እንደ አገልግሎት ሰጪ ስገመግም የምጀምረው ከኮሪደሩ ነው። እኔ ሕግ በተማርኩበት ግቢ ክሊራንስ ለማስፈረም አራት ቀን ከቢሮ ቢሮ ተመላልሻለሁ፤ የመጨረሻዋን ፊርማ ያገኘሁትም ኃላፊው ከምሳ እስኪመለሱ ደረጃው ላይ ወረቀቴን ይዤ ተቀምጬ ነው። ኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት ኤሌና ኬገን ከ2003 እስከ 2009 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሃርቫርድ ሕግ ትምህርት ቤት ዲንነት ለተማሪ ያቀረቡትን አገልግሎት የምመዝነውም እዚያ ደረጃ ላይ የተቀመጠውን ተማሪ እያሰብኩ ነው።

ኬገን ከዚያው ትምህርት ቤት በ1986 ተመርቀው፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመጀመሪያ ጥቁር ዳኛ የተርጉድ ማርሻል ረዳት ሆነው፣ ቀጥሎም በዋሽንግተን በጥብቅና ሠርተዋል። በ1991 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ፤ በፕሬዚዳንት ክሊንተን ዘመን ደግሞ በዋይት ሀውስ በሕግና በፖሊሲ ጉዳዮች አገለገሉ። በ1999 ለፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ዳኝነት ቢታጩም ሴኔቱ ጉዳያቸውን ሳያየው ቀረና በዚያው ዓመት ወደ ሃርቫርድ መጡ። ሴቶችን መቀበል የጀመረው በ1950 የነበረው ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋን ሴት ዲን ያየው ከ53 ዓመት በኋላ በእርሳቸው ነው።

ብዙዎች አስቀድመው የሚያነሱት ቡናውን ነው። ተማሪው ከክፍል ሲወጣ፣ በዚያ በቦስተን አካባቢ ብርድ፣ ሳይከፍል የሚቀዳው ትኩስ ቡና ይጠብቀዋል። በተጨማሪም የመረብ ኳስ ሜዳና በብርዱ ወራት የበረዶ መንሸራተቻ ተዘጋጀ። ነገሩ ትንሽ ነው የሚል ሰው ቡና ጠጡ ተብሎ መጠራት ምን ማለት እንደሆነ የዘነጋ ይመስለኛል፤ ትልቅነቱና ቅዝቃዜው ይነገርበት በነበረ ተቋም ውስጥ ተማሪው ታስቦልኛል ብሎ እንዲያምን ያደረገ ሥራ ነበር።

ይሁንና ከፍተኛውን ነጥብ የምሰጠው ለሥርዓተ ትምህርቱ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ከ1870ዎቹ ጀምሮ የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን በመተንተን ላይ የቆመ ነበር። በ2006 መምህራኑ በሙሉ ድምፅ ባጸደቁት ለውጥ የሕግ አወጣጥና የአስተዳደር ደንቦች፣ እንዲሁም ዓለም አቀፍና ንጽጽራዊ ሕግ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ እንዲሰጡ ተወሰነ። በአመለካከት ተከፋፍሎ በቅጥር እንኳ መስማማት ይቸግረው ከነበረ የመምህራን ጉባኤ ሙሉ ድምፅ ማግኘት፣ ስብሰባ መርቶ የሚያውቅ ሰው እንደሚመሰክረው፣ ከባድ ሥራ ነው። ወግ አጥባቂውን ጃክ ጎልድስሚዝን በ2004፣ ለዘብተኛውን (ሊበራሉን) ካስ ሰንስቲንን ደግሞ በ2008 ማስመጣታቸውም በሁለቱም ወገን አመኔታ እንዳተረፉ ያሳያል።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። በእርሳቸው ዘመን ከተቀጠሩት ቋሚ መምህራን መካከል የሴቶችና የጥቁሮች ቁጥር እጅግ አነስተኛ ነበር፤ በ2010 ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲታጩ ይህ በይፋ ተነሥቶባቸዋል፤ የማርሻል ረዳት ከነበሩ ሰው የበለጠ እጠብቅ ነበር። ሁለተኛው የ2008ቱ ቃል ኪዳን ነው። ለአምስት ዓመት በመንግሥት ወይም ለትርፍ ባልተቋቋመ ድርጅት ለመሥራት የሚፈርም ተማሪ የሦስተኛ ዓመት ክፍያው፣ ከ40,000 ዶላር በላይ፣ እንዲቀርለት ተወስኖ ነበር። ሐሳቡን ከልቤ እወደዋለሁ፤ ዕዳ የፈራ ወጣት ጠበቃ ደሃን ለማገልገል ድፍረት የሚያገኘው እንዲህ ነው። ነገር ግን የገንዘብ ቀውሱ መጣና ኬገን የመንግሥት ዋና ጠበቃ ሆነው ከሄዱ በኋላ፣ በ2009 መገባደጃ፣ ዕድሉ ለአዲስ ገቢዎች ተዘጋ። ውሳኔው የእርሳቸው ባይሆንም፣ ቃሉ ሲገባ ለክፉ ቀን የሚሆን ገንዘብ አብሮ ሊቀመጥለት ይገባ ነበር።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ። አንዱን ያስቀረሁት ይህን ዕድል አምነው ለማመልከት ሲዘጋጁ በሩ ለተዘጋባቸው ተማሪዎች ስል ነው።