ርዝመቱ ያልተወሰነ አሬይ በሲ ስትራክት ውስጥ፦ ጂሲሲ፣ ክላንግ ወይስ የማይክሮሶፍቱ ኮምፓይለር?

በስትራክት (የተለያዩ አባላትን በአንድ ላይ የሚይዝ የዳታ ዓይነት) መጨረሻ ላይ ቅንፉ ባዶ የሆነ አሬይ (የአንድ ዓይነት እሴቶች ተርታ) ማስቀመጥ በ1999 በወጣው የሲ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ስታንዳርድ ስለተፈቀደ፣ ኮምፓይለር (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉም ፕሮግራም) የሚመርጥ ሰው «ይህን ይቀበላል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ከጂሲሲ፣ ከክላንግና ከማይክሮሶፍቱ፣ ከሦስቱም የሚያገኘው መልስ «አዎ» ነው። የማይክሮሶፍቱ ብቻ የማስጠንቀቂያው ደረጃ ከፍ ሲል ሲ4200 የተባለውን ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ምርጫውን ሊወስን የሚገባው ግን ኮምፓይለሩ የአሬዩን ወሰን የሚጠብቅበት መንገድ ነው።

የመጀመሪያው ፈተና የመጠን ነው። ባለ 4 ባይት ኢንት (ሙሉ ቁጥር)፣ ቀጥሎ አንድ ቻር (ባለ 1 ባይት ፊደል)፣ በመጨረሻም ባዶ ቅንፍ ያለው የቻር አሬይ የያዘ ስትራክት በተለመዱት ማሽኖች ላይ ሰይዝኦፉ (በባይት የሚለካው መጠኑ) 8 ሲሆን፣ አሬዩ የሚጀምረው ግን ከስትራክቱ መነሻ 5 ባይት አልፎ ነው። በዚህ ሦስቱም አይለያዩም፤ ፈተናው የሚጠቅመው እምብዛም የማይታወቅ ኮምፓይለር በክፍያ ለመግዛት ለሚያስብ ሰው ነው።

ልዩነቱ የሚወጣው በሁለተኛው ፈተና ነው። የመጨረሻው አባል 16 ቻር የሚይዝ ተራ አሬይ ይሁንና፣ በፖይንተር (የማስታወሻ አድራሻ በሚይዝ ተለዋዋጭ) በኩል ስትርኮፒ የተባለው ጽሑፍ ገልባጭ ፋንክሽን ረጅም ጽሑፍ ይገልብጥበት። ጂሲሲና ክላንግ የቆየውን ኮድ ላለመስበር ሲሉ ማንኛውንም የመጨረሻ አሬይ ርዝመቱ እንዳልተወሰነ ስለሚቆጥሩት፣ መጠኑን አላውቅም ብለው ጥበቃውን ያልፉታል፤ ይህ በእኔ ግምት ከሁሉም በላይ አደገኛው ነባሪ ባሕርይ ነው። ጂሲሲ ከ13ኛው፣ ክላንግ ከ16ኛው እትም ጀምሮ ከ0 እስከ 3 የሚደርስ «ስትሪክት ፍሌክስ አሬይስ» የተባለ አማራጭ አላቸው፤ በ3 ላይ ባዶ ቅንፍ ያለው ብቻ ርዝመቱ እንዳልተወሰነ ይቆጠራል። የማይክሮሶፍቱ ተመሳሳይ አማራጭ የለውም።

አሬዩን ርዝመቱን ከሚይዘው አባል ጋር የሚያስተሳስረውን «ካውንትድ ባይ» የተባለ መግለጫ ክላንግ ቀድሞ አስገብቶታል፤ ጂሲሲ ያስገባው በ2025 በወጣው 15ኛ እትሙ ነው። ስለዚህ አዲስ ኮድ ለሚጽፍ ቡድን ከሁለቱ የቅርብ እትሞች አንዱን እመክራለሁ። አርም ኮምፓይለር 6ን ለመግዛት የሚያስብም መሠረቱ ክላንግ ስለሆነ፣ የሚገዛው እትም በየትኛው ክላንግ ላይ እንደቆመ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ሚስራ ሲ 2012 የተባለውን፣ ሲን በጥንቃቄ ለመጻፍ የወጣ የደንቦች ስብስብ የሚከተል ፕሮጀክት በደንብ 18.7 ባዶ ቅንፍ ያለውን አሬይ ስለማይጠቀም ለ«ካውንትድ ባይ» ብሎ መክፈል አይኖርበትም። ሁለተኛው ፈተና ግን እሱንም ይመለከተዋል፤ ቋሚ ርዝመት ያለው የመጨረሻ አሬይ በዚያም ኮድ ውስጥ ይገኛልና።