«675 እጥፍ ያጎላል» ለሚል ካርቶን ብር አታውጡ፦ ጅማ ላይ የመጀመሪያ ቴሌስኮፕ ለምትገዙ

ጅማ ውስጥ ቴሌስኮፕ የሚገኘው ወይ ከኤሌክትሮኒክስ ሱቅ መደርደሪያ ላይ፣ ወይ በቴሌግራም ታዝዞ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሲመጣ ነው። በሁለቱም መንገድ ገዢውን የሚያስበላው አንድ ነገር ነው፤ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር። 525 እጥፍ፣ 675 እጥፍ ይላል። አጠገቡ ቀለማቸው የደመቀ የጋላክሲ ፎቶዎች ይለጠፋሉ። ፎቶዎቹ በዚያ ዕቃ እንዳልተነሱ ብዙ ሰው ይገምታል። ቁጥሩን ግን ያምናል።

ካልኩሌተር አውጡና አብረን እንሥራው። ቴሌስኮፕ የሚያጎላበት መጠን የሚገኘው የፊተኛው ሌንስ (ወይም የመስታወቱ) የትኩረት ርቀት፣ ማለትም ብርሃኑን አንድ ነጥብ ላይ የሚሰበስብበት ርቀት፣ ለዓይን ሌንሱ (ዓይናችሁን ለምታስጠጉበት ትንሽ ሌንስ) የትኩረት ርቀት ሲካፈል ነው። ሁለቱም ዕቃው ላይ ተጽፈዋል። የትኩረት ርቀቱ 900 ሚ.ሜ. የሆነ ቴሌስኮፕ በ20 ሚ.ሜ. የዓይን ሌንስ 45 እጥፍ ያጎላል። በዚህ ቁጥር የጨረቃን ጉድጓዶችና የሳተርንን ቀለበት በደንብ ታያላችሁ። 45 የሚል ካርቶን ግን ገዢ አይጠራም። ስለዚህ 4 ሚ.ሜ. የዓይን ሌንስ ይጨመራል፤ 225 ሆነ። ባርሎ የሚባለው ባለ 3 ማባዣ ይሰካበታል፤ 675 ሆነ። የትኩረት ርቀቱ 700 ከሆነ በዚያው መንገድ 525 ይወጣል። ሒሳቡ ልክ ነው። ችግሩ በዚያ ቁጥር የሚታይ ምስል አለመኖሩ ነው።

ለምን እንደማይኖር ቡና ለሚያፈላ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። ብርሃን ቡናው ነው፣ ማጉላት ውኃው። ጀበናው ውስጥ የገባው ቡና አንድ ጊዜ ተለክቷል፤ ውኃ እየጨመራችሁ ቶናና በረካ ልታወጡ ትችላላችሁ፣ ስኒውም ይሞላል፣ ቡናው ግን እየቀጠነ ይሄዳል። የፊተኛው ሌንስ የሰበሰበው ብርሃንም በሰፊ ምስል ላይ በተዘረጋ ቁጥር ይደበዝዛል፣ ጠርዙም ይቀልጣል። ለመግዣ የሚበቃው ልኬት ቀላል ነው፦ የፊተኛውን ሌንስ ስፋት በሚሊሜትር ለኩና በ2 አባዙት። 50 ሚ.ሜ. ከሆነ ከ100 እጥፍ በላይ አትጠብቁ፣ 70 ከሆነ ከ140፣ 76 ከሆነ ከ150 ገደማ። ይህም ጥሩ ሌንስና የረጋ አየር ሲገኝ ነው። እንጦጦ ላይ ያሉት ሁለቱ ትልልቅ ቴሌስኮፖች መስታወታቸው 1 ሜትር ስፋት አለው። በእንደዚያ ዓይነቱ እንኳ በተራ ሌሊት ከ300 እጥፍ ብዙም በላይ መሄድ አይቻልም፤ የሚንቀጠቀጠው አየር ራሱ አይፈቅድም። ባለ 76 ሚሊሜትሩ 675 ይላል!

ስለዚህ ሻጩን «ስንት እጥፍ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁት። «የፊቱ ሌንስ ስንት ሚሊሜትር ነው?» በሉት። ካልመለሰ ማስመሪያ አውጡ። ብዙ ጊዜ የሞዴሉ ስም ራሱ ይናገራል፦ 36050 ማለት የትኩረት ርቀቱ 360፣ ስፋቱ 50 ማለት ነው፤ 70070 ደግሞ 700 እና 70። ከ50 ወደ 70 መውጣት ትንሽ ጭማሪ ይመስላል። ብርሃን የሚሰበሰበው ግን በሌንሱ የገጽ ስፋት ስለሆነ እጥፍ ያህል ልዩነት አለው።

ማስመሪያም የሚሸወድበት ጊዜ አለ። አንዳንዱ ርካሽ ዕቃ የሌንሱን ጉድለት ለመደበቅ ከጀርባው መሃሉ የተበሳ የፕላስቲክ ቀለበት ይደረግበታል፤ ዳር ዳሩን የሚመጣው ብርሃን ዓይናችሁ ጋ አይደርስም። ለማጋለጥ ረጅሙን የዓይን ሌንስ (20 ወይም 25) ሰክታችሁ ሩቅ ያለ ነገር ላይ አነጣጥሩና ምስሉን አጥሩት። ከዚያ ጥላ ውስጥ ግቡና የስልክ መብራት በዓይን ሌንሱ በኩል አስጠግታችሁ አብሩ፤ ነጭ ወረቀት ፊተኛው ሌንስ ላይ ለጠፍ አድርጉና የብርሃኑን ክብ ለኩ። ሌንሱ 50 ሆኖ ክቡ 35 ከሆነ የገዛችሁት ባለ 35 ነው።

አሁን ጅማን ለይቶ ወደሚመለከተው ነገር እንምጣ፤ ከሌንሱ ይልቅ መቆሚያው ብዙ ብር ያስወጣል። ክብደት ማመዛዘኛ ብረት የተንጠለጠለበት፣ ባለ ብዙ ቁልፍ መቆሚያ ኢኳቶሪያል ይባላል። ሲያዩት የሳይንቲስት ዕቃ ስለሚመስል ዋጋ ይጨመርበታል። ሥራው የምድርን መዞር ተከትሎ ኮከቡን በአንድ ቁልፍ ብቻ መከታተል ነው። ይህን የሚችለው ግን አንዱ ዘንጉ በትክክል ወደ ሰማዩ ሰሜን ዋልታ ሲያዘነብል ብቻ ነው፤ የዝንባሌው መጠን ደግሞ የምትኖሩበት ቦታ ኬክሮስ ነው። ጅማ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7.7 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ርካሾቹ ኢኳቶሪያሎች በአብዛኛው ለአውሮፓና ለአሜሪካ ሰማይ ታስበው የተሠሩ ስለሆኑ በ35 እና በ55 ዲግሪ መካከል ነው የሚመቻቸው። ወደ 8 ዲግሪ ስታወርዱት ማስተካከያው ብሎን ይጨርስባችኋል፣ ወይ ማመዛዘኛው ብረት ከእግሩ ጋር ይጋጫል፣ ወይ ሙሉ ዕቃው ወደ አንድ ጎን ይከብድና ሊወድቅ ይዳዳዋል። መመሪያው «በሰሜን ኮከብ አስተካክሉ» ይላል። የሰሜን ኮከብ ጅማ ላይ ከአድማስ 8 ዲግሪ ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ እጃችሁን ዘርግታችሁ ጡጫ ብትጨብጡ ከጡጫችሁ ጀርባ ይደበቃል። በስተ ሰሜን ጣሪያ፣ ባሕር ዛፍ ወይም ኮረብታ ያለበት ሰው ጨርሶ አያየውም። ወደላይ-ወደታችና ግራ-ቀኝ ብቻ የሚሄደው ተራ መቆሚያ ለእኛ የተሻለ ነው፤ ርካሽም ነው።

ተራውም ቢሆን የራሱ ወጥመድ አለው። እዚህ ጁፒተርና ሳተርን ከፍታቸው ላይ ሲደርሱ አብዛኛውን ጊዜ ከአድማስ ከ55 ዲግሪ በላይ ናቸው፤ አንዳንዴ አናታችን ላይ ይሆናሉ። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ አየሩ ስለሚሳሳ ምስሉ ይጠራል። ግን ረጅም ቱቦ አጭር ትራይፖድ ላይ ሲቀመጥ ወደ ላይ ስታቀኑት የኋላው ጫፍ ከእግሮቹ ጋር ይላተማል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ ቱቦውን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ጣሪያው አቅኑትና አሽከርክሩት። ካልዞረ ተዉት። ሌንስ ያለው ቴሌስኮፕ ከሆነ ምስሉን በ90 ዲግሪ የሚያጥፈው ትንሽ መስታወት አብሮት መኖሩን እዩ፤ ያለሱ መሬት ላይ ካልተንጋለላችሁ ማየት አትችሉም። ከ36050 ዓይነቶቹ ጋር የሚመጣው የክንድ ያህል ትራይፖድ ጠረጴዛ ይፈልጋል፤ ጠረጴዛው ከተወዛወዘ ሁሉም ተወዛወዘ።

የንዝረት ፈተና፦ በር ላይ ቆማችሁ ሩቅ ያለ የኔትወርክ ማማ ላይ አጥሩትና ቱቦውን በጣት መታ አድርጉ። ምስሉ በ3 ሴኮንድ ካልረጋ ማታ በየንክኪው ትናደዳላችሁ። በዚያው ላይ ቀን የማማው ጠርዝ ወፍራም ሐምራዊ ጥላ ካለው ሌንሱ ደካማ ነው፤ ቀጭን ከሆነ በዚህ ዋጋ የተለመደ ነው።

መስታወት ካላቸው ውስጥ ሁለት ዓይነት ተጠንቀቁ። አንደኛው ቱቦው ግማሽ ሜትር ገደማ ሆኖ «1000 ሚ.ሜ.» የተጻፈበት ነው፤ ርቀቱ የተራዘመው ውስጡ በተደበቀ ተጨማሪ ሌንስ ነው፣ መስታወቶቹን ማስተካከል ለጀማሪ ፈተና ነው። ሁለተኛው 76 በ300 (ስፋቱ 76፣ የትኩረት ርቀቱ 300) የሚለው አጭሩ፤ መስታወቱ ቀላል ክብ ቅርጽ ስለሆነ ብርሃኑን አንድ ነጥብ ላይ አያመጣም፣ ከ30 እጥፍ በላይ ሲሄድ ይደበዝዛል። 76 በ700 ግን ይሠራል።

ካርቶኑ ውስጥ የዓይን ሌንስ ላይ የሚጠመዘዝ ጥቁር መስታወት ካገኛችሁ፣ «ሰን» የሚል ጽሑፍ ካለበት፣ ወዲያው ሰብራችሁ ጣሉት። ፊተኛው ሌንስ የፀሐይን ሙቀት ሰብስቦ እዚያች መስታወት ላይ ያሳርፈዋል። ስትሰነጠቅ ዓይናችሁ እዚያው ነው፤ ዓይን ደግሞ በቅጽበት ይጠፋል። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የፀሐይ ግርዶሽ አለ፤ ሙሉው በግብፅና በየመን በኩል ያልፋል፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በከፊል ይታያል። ለቴሌስኮፕ የሚሆነው የፀሐይ ማጣሪያ ከፊት፣ ሌንሱን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ብቻ ነው። የወረቀት የግርዶሽ መነጽር አድርጎ በቴሌስኮፕ ማየትም አይቻልም።

ታዲያ ምን ይገዛ? ብሩ ጥቂት ከሆነ 10×50 ባይኖኩላር (በሁለት ዓይን የሚታይበት፣ 10 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 50 ሚ.ሜ. የሆነ)፤ የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች (ክንድ ደገፍ ካለ)፣ ሰባቱን ከዋክብትና በጥር ማታ የኦሪዮንን ኔቡላ (የጋዝና የአቧራ ደመና) ያሳያል። ትንሽ ከፍ ካለ 70 በ700 ሌንስ፣ በተራ መቆሚያ። ከዚያ በላይ መቆጠብ የሚችል ባለ 114 ወይም ባለ 130 ሚ.ሜ. መስታወት፣ በጠረጴዛ ላይ የሚሽከረከር የእንጨት መቀመጫ ያለው፤ ብሩ ትራይፖድ ላይ ሳይባክን መስታወት ላይ ይውላል። የዓይን ሌንስ መሰኪያው 31.7 ሚ.ሜ. ይሁን። 24.5 ከሆነ የድሮ መጠን ነው፣ በኋላ የተሻለ ሌንስ ልግዛ ብትሉ አታገኙለትም። 25 እና 10 ሚ.ሜ. ለመጀመሪያ ዓመት ይበቃሉ፤ ባለ 4 ሚሊሜትሯን ሳጥኗ ውስጥ ተዋት፣ የትኩረት ርቀቱ 900 በሆነው ቴሌስኮፕ ላይ በእሷ 225 እጥፍ ጁፒተር አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ከዕይታ ይወጣል።

ባይኖኩላርም ይጭበረበራል። ዓይን የሚገባበትን በኩል ከዓይናችሁ ክንድ ያህል አርቃችሁ ወደ ብሩህ ሰማይ ያዙት (ወደ ፀሐይ አይደለም)፤ ትንሽ የብርሃን ክብ ይታያል። 10×50 ከሆነ 50 ለ10፣ ክቡ 5 ሚ.ሜ. መሆን አለበት። «40×60» በሚለው ባለ አንድ ዓይን ላይ 1.5 ሚ.ሜ. መሆን ነበረበት። 4 ሚ.ሜ. ከለካችሁ 40 እጥፍ የሚባለው ወሬ ነው። ቀይ የሚያብለጨልጩ ሌንሶችም ጌጥ እንጂ ጥራት አይደሉም።

ከአዲስ አበባ ካዘዛችሁ 350 ኪ.ሜ. ገደማ በጭነት መንገጫገጭ ነውና መናኸሪያ ላይ ካርቶኑን ሳትከፍቱ ቀሪውን ክፍያ በቴሌብር አትላኩ። ቱቦውን ቀስ ብላችሁ ነቅንቁ፤ የሚንኳኳ ነገር ካለ ሌንስ ወይም መስታወት ለቋል። ያገለገለ ከሆነ የስልክ መብራት በፊተኛው ሌንስ በኩል በሰያፍ አብሩና ወደ ውስጥ ተመልከቱ። አቧራ ምንም አይደለም። የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጫጭን ክር ካያችሁ ሻጋታ ነው፤ በጅማ ክረምት ሳጥን ውስጥ የከረመ ሌንስ ላይ ይወጣል፣ ሌንሱን ይበላል፣ ሲጸዳም ጠባሳው ይቀራል። አዲስ ገዝታችሁም ቢሆን ክረምቱን ከካርቶኑ አውጥታችሁ አየር በሚገባበት ቦታ፣ በጨርቅ ሸፍናችሁ አቆዩት፤ ከጫማ ካርቶን የሚገኙትን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ቱቦው ውስጥ ሳይሆን ክዳኑ አጠገብ አድርጉ።